አጭር የተናገርሁበት ቀን

የአማርኛ ቋንቋ ለዛሬው ክብሩ ከበቃባቸው ሥፍራዎች አንዱ፣ ቢቸና የተከራየሁበት ግቢ ሽንት ቤት መሆኑን በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ።

በአንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነኝ። ቃላት እወዳለሁ፤ በተለይ ረጃጅሞቹን። መዝገበ ቃላት ይዤ ካልገባሁ ሆዴ አይታዘዘኝም። ከ«ሀ» ጀምሬ ስቀመጥ፣ አከራዬ እመት ይርጋነሽ ከበሩ ውጭ ይቆማሉ።

«ምንይሉ፣ አልጨረስህም?»

«አንዲት ቃል ቀርታኛለች፣ እመት።»

«እኔ ደግሞ አንዲት ደቂቃ ናት የቀረችኝ!»

አጻጻፌም እንደ አቀማመጤ ነው። ውሃ ሊቋረጥ ነው ብዬ ማስታወቂያ ስጽፍ ከውሃ አፈጣጠር እጀምራለሁ፤ ውሃው ተቋርጦ ተመልሶ ሲመጣ እኔ ገና መግቢያው ላይ ነኝ።

አለቃዬ አቶ ባንተአምላክ ግን አርቆ አሳቢ ናቸውና፣ ሞጣ ላይ «አጭርና ግልጽ አጻጻፍ» የተባለ ሥልጠና ሲዘጋጅ ተናጋሪ አድርገው ይዘውኝ ሄዱ።

«ዛሬም ካንዛዛኸው መዝገብ ቤት ነው የምመድብህ» አሉኝ መኪና ውስጥ።

ስለዚህ ተጠንቅቄ፣ ስለ ማሳጠር አርባ ገጽ ብቻ ጻፍሁ።

ሞጣ ምሳ ላይ የበላሁት ቅቅል ለካ የራሱን ንግግር አዘጋጅቶ ኖሯል። መድረክ ወጥቼ፣ መነጽሬን አስተካክዬ፣ «ክቡራንና ክቡራት» ልል አፌን ስከፍት ሆዴ ቀደመኝ። ወረቀቴን እንዳቀፍሁ፣

«ወገኖቼ፣ ጊዜ የለም!» ብዬ በጓሮ በር ሮጥሁ።

ስመለስ አዳራሹ ሙሉ ሰው ቆሞ ያጨበጭባል። አቶ ባንተአምላክ ማይክራፎኑን ጨብጠዋል።

«ሰሙ ጊዜ የለም ነው! ወርቁ ግን ተግባር ነው! ተናግሮ አልቀረም፤ ሮጦ አሳየን!»

እፀገነት የምትባል፣ ከሩቅ አገር ተመድባ የመጣች የጤና ባለሙያ እጇን አወጣች።

«ይቅርታ፣ ወዴት ነበር የሮጡት?»

«ወደ... ተግባር።»

«ውጤት ተገኘ?»

«በሚገባ።»

ዳግመኛ ተጨበጨበ። ይዤው የወጣሁት አርባ ገጽ ተቀንሶ መመለሱን ማንም ልብ አላለም። የአዳራሹ ሽንት ቤት ሶፍት አልነበረውም። ጽሑፌ አንድ ሰው ሲጠቅም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ንግግሬ በመሥሪያ ቤታችን የአሠራር መመሪያ ሆኗል። ባለጉዳይ ሲገባ ባለሙያው ከወንበሩ ይነሣል፤ «ወገኔ፣ ጊዜ የለም!» ይላል፤ ይወጣል። ሪፖርታችን ላይ «ቀልጣፋ አገልግሎት» ተብሎ ተመዝግቧል። የሐሳቡ አመንጪ እኔ ነኝና እኔም ከማንም አላንስም።

በቀደም ከገጠር አንዲት ባልቴት መጡ፤ እማማ ጸደንያ ይባላሉ። ላማቸው ጠፍታ በድምፅ ማጉያ እንዳስነግርላቸው ነው።

«ቀይ ናት ልጄ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ...»

ተነሣሁ። ደረቴን ነፋሁ።

«እናቴ፣ ጊዜ የለም!»

ባልቴቷ ክው ብለው ከበሩ ዞር አሉልኝ።

«ውይ ልጄን! ታዲያ ምን ያስቆምሃል? ሩጥ እንጂ! ይሄ ምኑ ያሳፍራል? እኔ እዚሁ እጠብቅሃለሁ።» ወደ ኮሪደሩም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ «እስቲ መንገድ ልቀቁለት፣ ሆዱን አሞታል!»

የተሰለፈው ባለጉዳይ ሁሉ እያዘነ ገለል አለልኝ።

ምን ላድርግ? ሳይመጣብኝ ሄድሁ።