የጋሼ ታከለ የክፍል አያያዝ

(የሸዋ ሮቢት ቀትር ነው። የመምህራን ማረፊያውን ቆርቆሮ ፀሐይ ትጠብሰዋለች። ጋሼ ታከለ ከደጋ ተዛውረው የመጡ የሂሳብ መምህር ናቸው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ስለ ክፍል አያያዝ ሥልጠና ከወሰዱ ወዲህ የማያሠለጥኑት ሰው የለም፤ ዘበኛው እንኳ ሲያያቸው መንገድ ይቀይራል። ሙዐዊያ ደግሞ ከአሊዩ አምባ የመጣ ጀማሪ የሳይንስ መምህር ነው። ቀስ ብሎ ያስባል፣ ከዚያም ይበልጥ ቀስ ብሎ ይናገራል።)

ታከለ፦ እኔ ሳስተምር ያንተ ክፍል ለምንድን ነው የሚስቀው?

ሙዐዊያ፦ እኔም እያስተማርኩ ነው የሚስቁት፣ ጋሼ።

ታከለ፦ አንተ ያን ጊዜ ምን ታደርጋለህ?

ሙዐዊያ፦ አብሬ እስቃለሁ።

ታከለ፦ በመካከላችን ያለው ኮምፔንሳቶ እንጂ ግንብ አይደለም እኮ! ነገ ወይዘሮ ወርቅነሽ ከወረዳ ይመጣሉ።

(የወይዘሮ ወርቅነሽ መምጣት ለጋሼ ታከለ ቀላል ነገር አይደለም። የምክትል ርዕሰ መምህሩ ወንበር ባዶ ነው፤ ሱፐርቫይዘሯ ክፍሉን የወደዱለት መምህር እንደሚቀመጥበት ተወርቷል። ጋሼ በልባቸው ከተቀመጡበት ሰነበቱ። የቀራቸው የጎረቤታቸውን ክፍል ዝም ማሰኘት ብቻ ነው።)

ታከለ፦ ስማ። መጀመሪያ ፊትህን ኮስተር አድርገህ ትገባለህ።

ሙዐዊያ፦ ባለፈው ኮስተር ብዬ ገብቼ ነበር። ወባ ይዞታል ብለው ለርዕሰ መምህሩ ነገሩብኝ።

ታከለ፦ እሺ፣ ሲረብሹ አትጩህ። ዝም ብለህ ቁምና እያቸው።

ሙዐዊያ፦ እሱንም ሞክሬዋለሁ። ዝም አሉ።

ታከለ፦ አየህ!

ሙዐዊያ፦ ከዚያ ተኙ።

ታከለ፦ (ላባቸውን እየጠረጉ) ረባሹን ልጅ ለይተህ ኃላፊነት ስጠው።

ሙዐዊያ፦ ሸሪፍን አለቃ አድርጌዋለሁ። በጣም ተሻሽሏል።

ታከለ፦ ጨዋ ሆነ?

ሙዐዊያ፦ ድሮ ብቻውን ነበር የሚረብሸው። አሁን ሌሎቹን ተራ አስይዞ ነው።

(ጋሼ ታከለ ተነሥተው በሩን ገርበብ አደረጉ። ይህን ለጠላት አይነግሩትም ነበር፤ ግን የሙዐዊያ ክፍል አጠገባቸው ሆነና ምን ያድርጉ።)

ታከለ፦ እንግዲህ ዋናው ምስጢር። ጥያቄ ስትጠይቅ ሁሉም ተማሪ እጁን ያወጣል። የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን። አንተ ቀኝ ያወጣውን ብቻ ትጠራለህ። ለእንግዳው ክፍሉ በሙሉ ሊቅ ነው።

ሙዐዊያ፦ ግራ ያወጣውስ?

ታከለ፦ እጁን ያውለበልባል።

ሙዐዊያ፦ መቼ ነው ታዲያ የሚያውቀው?

ታከለ፦ ወይዘሮ ወርቅነሽ ሲሄዱ።

ሙዐዊያ፦ ጋሼ፣ የኛ አገር ልጆች ግን ግራ እጅ...

ታከለ፦ አታቋርጠኝ። መምህር ሲናገር አይቋረጥም፤ ይኼም ከሥልጠናው ነው።

(በማግስቱ ጋሼ ታከለ ተማሪዎቻቸውን የቀኝና የግራውን ነገር አስጠንተው ጠበቁ። ወይዘሮ ወርቅነሽ ገብተው ከኋላ ተቀመጡ። ጋሼ የሦስት ማዕዘን ስፋት እንዴት እንደሚገኝ ጠየቁ። ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ፤ ሁሉም ቀኙን። ጋሼ፣ ለካ ይህን ያህል አስተምሬያለሁ ብለው በራሳቸው ተደነቁ። መሊካን ጠሩ፤ መሊካ ተነሥታ ጫማዋን አየች። አሊዪን ጠሩ፤ አሊዪ በትሕትና «አላህ ያውቃል፣ ቲቸር» አለ። የቀሩትም ከአሊዪ የተሻለ አልመለሱም። ይኼኔ ከኮምፔንሳቶው ማዶ ሳቅ ፈነዳ። ወይዘሮ ወርቅነሽ ቦርሳቸውን አንሥተው ወደ ሳቁ ሄዱ። ሁለቱ መምህራን የተገናኙት በእረፍት ሰዓት ነው። ጋሼ ፊታቸው አመድ መስሏል።)

ታከለ፦ አንድ እንኳ ግራውን የሚያወጣ ይጥፋ?

ሙዐዊያ፦ እንዴት ያወጣሉ፣ ጋሼ? ግራ እጁን ለታላቅ የዘረጋ ልጅ እቤቱ ምሳ አያገኝም። ግራ እጅ ምን እንደሚሠራበት እርስዎም ያውቃሉ።

ታከለ፦ ይህን ለምን አልነገርከኝም?

ሙዐዊያ፦ መምህር አይቋረጥም አሉኛ።

ታከለ፦ አንተስ ምን አድርገህ ነው ያ ሁሉ ሳቅ?

ሙዐዊያ፦ እኔማ ምክርዎ ተምታታብኝ። ማን የትኛውን እንደሚያወጣ ጠፋኝ። ስለዚህ የማያውቅ ብቻ እጁን ያውጣ አልኳቸው።

ታከለ፦ በወይዘሮ ወርቅነሽ ፊት?

ሙዐዊያ፦ የጀመርነው እሳቸው ሳይገቡ ነው። ወባ የምታስተላልፈው ሴቷ ትንኝ ናት ወይስ ወንዱ ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉም አወጡ።

ታከለ፦ (ትንሽ ደስ አላቸው) ሁሉም?

ሙዐዊያ፦ ከሸሪፍ በቀር። «ወንዱ ነው» አለ። ሴቷ ናት፣ ወንዱ አበባ ላይ ተቀምጦ ጣፋጭ ነው የሚመጠው ስለው፣ «እንደ አባቴ» አለ። የሳቁት ያኔ ነው። ወይዘሮ ወርቅነሽ ገብተው ደንቡንና ጥያቄውን ስደግምላቸው እሳቸውም እጃቸውን አወጡ።

ታከለ፦ እሳቸው ደግሞ ለምን?

ሙዐዊያ፦ እሳቸውም አያውቁም ነበራ። አስረዳኋቸው። ክፍል ውስጥ አላውቅም ማለት እንዲህ ቀላል መሆኑን ዛሬ ገና አየሁ አሉ። ዘዴውን ማን እንዳሳየኝ ጠየቁኝ።

ታከለ፦ ምን አልክ?

ሙዐዊያ፦ ጋሼ ታከለ።

ታከለ፦ (ከወንበራቸው ብድግ አሉ) እና?

ሙዐዊያ፦ ቅዳሜ የወረዳው መምህራን ሁሉ ይጠራሉ። የሚያሠለጥኑት እርስዎ ነዎት። ምክትልነቱንም ከዚያ በኋላ እናየዋለን ብለዋል።

(ጋሼ ታከለ ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። በመስኮት አዩ፣ በበሩ አዩ፤ ማንም የለም። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን እስከ ጆሯቸው ድረስ አወጡ።)

ሙዐዊያ፦ አቤት፣ ጋሼ። የቱ ጋ ነው ያልገባዎት?

ታከለ፦ ከ«ደህና አደራችሁ» ጀምርልኝ።