መልአከ ምድብ አዛናው

በየገበያው አንድ ለያይ አይጠፋም። ቄሱ ዓለምን በጦምና በፍስክ ይከፍላሉ፤ ነጋዴው በሚሸጥና በማይሸጥ፤ ጣሊያን መተማን ከያዘ ወዲህ ደግሞ ሰው ሁሉ ወይ ለጣሊያን የገባ ወይ የሸፈተ ተባለ። ለያይ የተባለው ፍጡር ግን ይህ አይበቃውም። ሁለት ነገር አብሮ ተቀምጦ ካየ፣ ብብቱ ውስጥ ቅማል የገባ ይመስል ይቁነጠነጣል።

የኛው ለያይ የከብት ደላላው፣ መልአከ ምድብ፣ ክቡር አዛናው ናቸው። ሹመቱን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ንጉሡ ስደት ላይ ስለነበሩ ሌላ ሿሚ አልተገኘም።

በሬ ሲያዩ ቀይ ነው ብለው አያልፉም። «ዳማ ነው፤ ዳማም ሆኖ ሆዱ ወይኖ። ለብቻው ይቁም!» ይላሉ። መቼም በሬውን ያውቁታል እንበል። ንዳድ ይዞት የሚንቀጠቀጥ ሰው አልጋ ራስ ቆመው «የወንዝ ዳር ንዳድ ነው ወይስ የጥቁር አፈር?» ማለትን ምን አመጣው? ኸሊፋ ሱቅ ገብተው ደግሞ ቀዩን ሰሊጥ ከነጩ ሲለቅሙ ይውላሉ።

«ጋሽ አዛናው፣ ዘይቱ እኮ አንድ ነው!» ይላቸዋል ባለሱቁ።

«አንድ የሚሆነው ለማያይ ነው።»

«ወላሂ፣ የኔንም ጢም ሽበቱን ከጥቁሩ ይለዩታል!»

«ሽበት ስንት ዓይነት መሰለህ?»

እኔም በየወረቀቱ ያነበብሁትን የስልጣኔ ቃል እየጠቀስሁ በአደባባይ ስሰድባቸው ኖርሁ።

አንድ የገበያ ቀን የጣሊያን የስልክ ሽቦ ተቆርጦ ተገኘ። መኮንኑ ወንዱን ሁሉ ከብት በረት ውስጥ አጎረና አዛናውን አስጠራቸው። «ለይቶ የሚያውቅ አንተ ነህ አሉ» አለ በአስተርጓሚው አፍ። «የገባው በቀኝ፣ ሽፍታው በግራ። ግራው ይረሸናል።»

ከጎኔ የቆመው ደምለው ነበር። ቆራጩ እሱ መሆኑን ከመኮንኑ በቀር የማያውቅ አልነበረም፤ ሽቦው የተለተለው ግራ መዳፉ ገና አልደረቀም።

አዛናው ፊታቸው ተለዋወጠ። «ሁለት ብቻ? ጌታው፣ በሁለት ፍየል እንኳ አይለይም!»

ጀመሩ። «ይህ የገባ ነው፤ ግን ርቦት የገባ። ለብቻው። ይህ ያኮረፈ ይመስላል፤ ጥርሱን ነው የሚያመው። ለብቻው።» አስተርጓሚው ላቡን መጥረግ አቃተው። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ቂማቸውን ሊወጡብኝ ነው አልሁ በልቤ። «ይህ ወሬኛ ነው» አሉ፤ «ከማንም ጋር እንዳትቀላቅሉት።»

መኮንኑ የደምለውን እጅ ይዞ ገለበጠ። «ይህስ ምንድን ነው?»

አዛናው መዳፉን አስጠግተው አዩት፤ አሸተቱትም። «የማጭድ ነው። ማሽላ አጫጅ ግራውን ነው የሚቆርጠው። ለብቻው ይቁም።»

ቀትር ሲሆን ሁላችን ለየብቻችን ቆመን በረቱ ጠበበ፤ በግራ የቆመ ግን አንድም አልነበረም። መኮንኑ እሱንም ንዳድ ጀምሮት ነበርና እየተራገመ በተነን።

የበሬ ቀለም ተሳሳቱ ካሏቸው ሳምንት የሚያኮርፉ ሰው ናቸው። መንገድ ላይ ደረስሁባቸውና በጆሯቸው፦ «ጋሽ አዛናው፣ የሽቦ ቁስልን ከማጭድ ቁስል መለየት እንዴት ጠፋዎት?» አልኋቸው።

አንገታቸውን ደፉ። «አርጅቻለሁ፣ ልጄ። ዓይኔ ደክሟል።»

ከዚያ ወዲህ እሳቸውን መስደብ የኔ ብቻ ርስት ነው። ደፋር ካለ ይሞክር።