የአቀስታ ታሪፍ

ሚኒባሱ ጥሎኝ ሄደ። ጥፋቱ የመንግሥት ነው የሚል ይኖራል፤ የገበያ ነው የሚልም አይጠፋም። እኔ ግን ሁለቱንም በአንድ ማለዳ መካነ ሰላም መናኸሪያ ውስጥ ስላየኋቸው፣ አንዱን ለይቼ መውቀስ አልሆነልኝም።

እህቴ ሰዓዳ ከዓረብ አገር ለአጭር ፈቃድ መጥታ ነበር። እናታችን ስትሞት እኔን ለማስተማር የተሰደደችው እሷ ናት። ካለፈው ፈቃዷ ወዲህ ስምንት ዓመት አልተያየንም። እስከ ስድስት ሰዓት አቀስታ እጠብቅሃለሁ፣ ከዚያ ወደ ደሴ እነሣለሁ አለችኝ። አንድ ጣሳ ማር ይዤ በጠዋት ተሳፈርኩ።

ሾፌሩ ከታሪፉ አስበልጦ ጠየቀ። ታሪፉ በሩ ላይ ተለጥፏል። ማንበብ የተማርኩት በእህቴ ላብ ነውና አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ወርጄ ተቆጣጣሪውን ጠራሁ። መጥቶ «በታሪፉ ጫን» ብሎ አዘዘው። ሾፌሩ «እሺ ጌታዬ» አለ፤ ከመኪናው ሥር ገባና ሞተሩ መታመሙን ከዚያው አወጀ። ምን ይደረጋል? መንግሥት ዋጋ ይተምናል እንጂ ሞተር አያስነሣም። ነዳጅ በጀሪካን እየገዛ ለሚነዳ ልጅ ደግሞ ታሪፉ የሚያዛልቅ አልነበረም።

ሰዓቱ ሮጠ። ከበሩ ወደ ጎማው፣ ከጎማው ወደ በሩ ተመላለስኩ። ሐጃ ከድጃ የሚባሉ አዛውንት በመስኮት ብቅ ብለው፣ «አንተ ልጅ፣ ሕግ የጠራኸው አንተ ነህ፤ በል ሕግህን ተሳፈርበት» አሉኝ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

በወጣትነቴ ይህን መንገድ ገብስ ተሸክሜ በእግሬ ሄጄበታለሁ። ጓደኛዬ ይመር ሰው በተጠቀጠቀበት የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ሲሄድ ቁልቁለቱ ላይ ወድቆ ቀረ። ያኔ ተቆጣጣሪ የሚባል ነገር አልነበረም። ስለ ይመር ከዚህ በላይ አልናገርም።

ስለዚህ መንግሥት እጁን ይሰብስብ የሚሉኝን አልሰማም። ሁሉን መንግሥት ይያዘው የሚሉትን ደግሞ ከታመመው ሞተር አጠገብ ባቆማቸው ደስ ይለኛል። ገበያ ብቻውን ልጓም የሌለው በቅሎ ነው፤ መንግሥት ብቻውን በቅሎ የሌለው ልጓም። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላል ያገሬ ሰው። የተማሩት ቅይጥ ኢኮኖሚ ይሉታል።

ቅይጡን ያመጡት ሐጃ ናቸው። ለመንግሥት ስንል በታሪፉ እንከፍላለን አሉ፤ ለሾፌሩ ልጅ ደግሞ ለቁርስህ ብለን የልባችንን እንሰጠዋለን፣ ስጦታ መስጠት ሱና ነው። ተቆጣጣሪው ፊቱን ከመናኸሪያው ማዶ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን አዙሮ ረጅም መሳለም ያዘ። ሞተሩ ወዲያው ዳነ።

ከሁሉ አስበልጬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ልገባ ስል ወንበሬ ላይ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ድጓቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሕግ ልጠራ ስሄድ የተሳፈሩ ናቸው። ተነሡ አይባሉ ነገር! ሾፌሩ ቂም አያውቅም፤ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ፋዘር ይግባ» አለ። ተቆጣጣሪው ግን መሳለሙን ጨርሶ ኖሮ፣ ቆጠረና «አንድ ሰው ትርፍ ነው» አለ።

አፌን ከፈትኩ። ይመር ትዝ አለኝ። ዘጋሁት።

ማሩን በመስኮት ለሐጃ አቀበልኳቸው፤ አቀስታ መናኸሪያ ለምትጠብቀኝ እህቴ ለሰዓዳ አድርሱልኝ አልኩ። ማር ትርፍ ሰው አይደለም። አሁን ሐጃም አልሳቁም፤ «ምን ልበላት ልጄ?» አሉኝ። ደኅና ነው በሏት አልኩ።

ስጦታዬ አልተመለሰም፤ ሱና አይመለስም። ቀጣዩ መኪና የሚነሣው ከሰዓት በኋላ ነው። መናኸሪያው ውስጥ የቀረነው እኔና ተቆጣጣሪው ነበርን።