ጋሽ ይግዛው እና የእናቴ ቤት ሶኬት

በየከተማው አንድ ባለሙያ አለ፤ እሱ ከመድረሱ በፊት የተሠራው ነገር ሁሉ የተበላሸበት። ልብስ ሰፊ ከሆነ ኮትህን ገልብጦ አይቶ ከንፈሩን ይመጥጣል። ግንበኛ ከሆነ ቤትህን ዞሮ አይቶ «እስካሁን መቆሙ» ብሎ ያማትባል። የእኛ የደባርቆቹ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። ስማቸው ጋሽ ይግዛው ነው፤ ሰፈሩ ግን «ክቡር ኢንጂነር» ይላቸዋል። ከየት ተመረቁ ብሎ የጠየቀ የለም፤ እሳቸውም ማዕረጉን አንድ ቀን መልሰው አያውቁም።

ክቡር ኢንጂነር ቤት ሲገቡ ከሰላምታ በፊት ዓይናቸው ግድግዳ ላይ ነው። ቴስተራቸውን ከኮት ኪሳቸው አውጥተው ሶኬቱን ይነካሉ፤ ክዳኑን ይፈታሉ፤ ከዚያ ወደ ባለቤቱ ቀስ ብለው ዞረው «ማነው ይህን የሠራው?» ይላሉ። ስም ከጠራህ የዚያ ሰው ነገር አለቀለት። በሄዱበት ቤት ሁሉ እሱን ሲያነሱት ይከርማሉ።

አንድ ጊዜ አብረን ወደ ጎንደር ስንሄድ ሚኒባሱ ሰው ሊያወርድ ደባት ላይ ቆመ። ጋሽ ይግዛው በመስኮት አንድ ሱቅ አዩ፤ ከቆርቆሮው ጠርዝ ሽቦ ተንጠልጥሎ ዝናብ ይንጠባጠብበታል። ወረዱ። ሹፌሩ ክላክስ ነፋ፤ ተሳፋሪው አጉረመረመ። እሳቸው እቴ! ቆጣሪውን አስጠፍተው፣ በርጩማ አስመጥተው ወጡና ሽቦውን ከቆርቆሮው ሥር አስገብተው በክሊፕ መቱት። ባለሱቁ ሻይ ልበልዎት ቢላቸው «ሻዩን ተወውና ነገ የሽቦ ቱቦ ግዛ» አሉት።

ቄስ ወልደ ሩፋኤል ቤት ዝክር የተጠራን ዕለትማ ይብሳል። ቄሱ በማይክራፎን እየባረኩ «እግዚአብሔር ቤታችሁን» እንዳሉ ድምፁ ጠፋ። ዞር ስንል ጋሽ ይግዛው በቁስል ፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ ይዘው ቆመዋል። «ይፍቱኝ አባቴ» አሉ፤ «ቡራኬው ያለ ማይክራፎንም ይደርሰናል። ይሄኛው ግን ሊቀድምዎት ነበር።» ቄሱ ቀሪውን በባዶ ድምፃቸው ጨረሱት።

እንዲህ ስል ሥራቸውን የማቃልል እንዳይመስል። የከተማችን አሮጌ ቤት እንጨትና ጭቃ ነው፤ ተጨማሪ ሶኬት ላስገባ ያለ ሰው ግድግዳውን በዘፈቀደ ቢበሳው ወይ ጭቃው በቁሙ ይራገፋል፣ ወይ ቋሚ እንጨት ያገኛል። ጋሽ ይግዛው መጀመሪያ በጣታቸው አንጓ እያንኳኩ፣ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ አስጠግተው እንጨቱ የት እንዳለ ያዳምጣሉ። ከዚያ የንስሐ አባት ይመስል ይጠይቃሉ። ራስጌው በየት ነው? ክረምት በየት በኩል ያፈሳል? አይጥ አለ? የለም ያለ ሰው ቤት አይሠሩም። ውሸታም ሰው ኤሌክትሪክ አይገባውም ባይ ናቸው።

እንግዲህ እኚህን ሰው እናቴ ቤት መጥራት ግድ ሆነብን። እናቴ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ የምትውልበትም የምትተኛበትም ክፍል አንድ ሶኬት ብቻ ነበረው። ዲቫይደሩ ላይ ሌላ ዲቫይደር ተሰክቶ ቴሌቪዥኑ፣ ፍሪጁ፣ ሬዲዮው፣ የስልኩ ቻርጀርና ለደባርቅ ብርድ የገዛሁላት ማሞቂያ ሁሉም ከዚያው ይጠባሉ። አንድ ጠዋት ፕላስቲክ ሸተተን። ተጨማሪ ሶኬቶች ያስፈልጉናል ተባለ።

ችግሩ ሌላ ነው። የዚያን ቤት መስመር ከሃያ ዓመት በፊት የዘረጉት ራሳቸው ጋሽ ይግዛው ናቸው። እሳቸው ረስተውታል፤ እኛ አልረሳንም። በዚያ ዘመን ገና ሥራውን ሲጀምሩ በሰፈራችን ብዙ ቤት ሠርተዋል። በኋላ ግድግዳው ሲለሰን፣ ቀለም ሲቀባ ቤቶቹ መልካቸው ተለወጠ። እሳቸው መጥተው «ማነው ይህን የሠራው?» ሲሉ ደግሞ ሰው ሁሉ ያዝንላቸውና «አንድ ከጎንደር የመጣ ልጅ ነው» ይላል። ሰፈሩ ሳይመካከር በአንድ ቃል ይዋሻል።

የእናቴም መልስ ይኸው ነበር። ጣሪያ ጣሪያ እያየች «አንድ ከጎንደር የመጣ ልጅ ነበር» አለች።

«እኔ የምለው እትዬ፣ ይሄ ልጅ ያልገባበት ቤት የለም?» ብለው መሮአቸውን አነሱ።

ጭቃውን ሲፈለፍሉ ሽቦው ከነጭዱ ወጣ፤ ቱቦ የሚባል የለውም። ክንድ ያህል ሄደው ሽቦ ከሽቦ የተቀጠለበት ቦታ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ቅጥያው በሰም በተቀባ ክር፣ ጥብቅ ተደርጎ፣ ዙር በዙር ተጠቅልሏል፤ ጫፉ ላይ ሦስት ቋጠሮ አለ። ጋሽ ይግዛው በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ተማሪ ነበሩ፤ መጽሐፍ ይጠርዙ ነበር። ብራና የሚጠረዝበትን ክር ለሽቦ ያዋለ፣ በሥላሴ ስም ሦስቴ የቋጠረ ሌላ እጅ ደባርቅ ውስጥ የለም። ሰሙ ቀልጦ ፈሷል፤ ክሩ ከስሏል።

«እትዬ ማንጠግቦሽ» አሉ ሳይዞሩ።

«አቤት።»

«ይሄ የጎንደር ልጅ መጽሐፍ ይጠርዝ ነበር?»

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «ተው እንጂ ይግዛው። ሃያ ዓመት አብርቶልናል፤ ምን ጎደለብን?»

«ያበራልዎትስ እግዜር ነው። እኔማ ላቃጥልዎት ነበር።»

ቁጭ አሉ። አሳዘኑኝና የማይረባ ነገር ተናገርኩ፤ «እኛ ለማንም አንናገርም፣ ጋሼ» አልኩ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ስትዋሹኝ ኖራችኋል።» ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው «የጎንደሩ ልጅ ሌላስ የማን የማን ቤት ሠርቷል?» አሉ። እናቴ በጣቷ ቆጠረች። ዘጠኝ ቤት ሆነ።

የእኛ ቤት ሦስት ቀን ፈጀ። አሮጌውን ሽቦ እስከ ቆጣሪው ድረስ ነቅለው አዲሱን በቱቦ አስገቡ፤ ማሞቂያውን ለብቻው መስመር ሰጡት። አምስት ሶኬት ተተከለ፤ አንዱ እናቴ ከአልጋዋ ሳትነሳ የምትደርስበት ነው። በአራተኛው ቀን መሰላላቸውን ተሸክመው ከዘጠኙ የአንዱ ቤት ባለቤት ወይዘሮ ሸጊቱ ደጅ ቆሙ። ሸጊቱ በለመደችው አፏ «እሱስ አንድ ከጎንደር» ብላ ስትጀምር «የጎንደሩ ልጅ እኔ ነኝ፤ ያበላሸሁትን ልፈታ መጥቻለሁ» አሏት።

ወሬው በሁለት ቀን ከተማውን ዞረ። ኢንጂነሩ የሠሩት ቤት ሁሉ ሊቃጠል ነው ተባለ። የአሥራ ሁለት ክፍል መስመር እንዲዘረጉለት የተስማማ ሆቴል «ለጊዜው ይቆየን» አላቸው። ሃያ ዓመት የሌላውን ሥራ ሲያብጠለጥሉ የሰሙ ወጣት የኤሌክትሪክ ሠራተኞች በየሱቁ በረንዳ ሳቁባቸው። ልፈርድባቸው አልችልም፤ እኔም ድሮ ከሳቂዎቹ ነበርኩ። አሁን ግን አናደደኝ። ከመሥሪያ ቤቴ የዓመት ፈቃድ ወሰድኩና መሰላላቸውን እሸከም ጀመር።

ስምንቱ ቤት እንዲህ አለቀ። ዘጠነኛው የአቶ ሰይፈ ሥላሴ ነው። እሳቸው ካረፉ ቆዩ፤ ልጆቻቸው ተበትነዋል፤ በሩ ተዘግቶ ቁልፉ ጎረቤት ይቀመጣል። ልንሠራው የወጣን ዕለት ገበያ ነበር፤ መንገዱ በገበያው መሀል ያልፋል፤ ትከሻዬም ደክሞኛል።

«ጋሽ ይግዛው፣ ይሄን እንኳ ይተዉት» አልኳቸው። «ማንም አይኖርበትም።»

«ሽቦው ይኖርበታል» አሉና ቀድመውኝ ሄዱ።

ኮራሁባቸው። ሌላ ቃል የለኝም፤ እንደ አባቴ ኮራሁባቸው። በገበያው ዳር ዳር ልዞር አስቤ ነበር፤ ተውኩት። መሰላሉን ወደ ሌላው ትከሻዬ አዛወርኩና በእህል ተራው፣ በበጎች መሀል፣ ወጣቶቹ ሠራተኞች በተቀመጡበት በረንዳ ፊት ለፊት ተከተልኳቸው። አንዱ እየሳቀ «የማን መሰላል ነው?» አለኝ።

«የጋሽ ይግዛው ነው» አልኩት፤ ድምፄን ሳልቀንስ።