ድህነትን የሚያስረዱን ሰው

በየሰፈሩ ድህነትን ለድሆች የሚያስረዳ አንድ ሰው አይጠፋም። ሰፈሩ ሲቆረቆር አብሮ የሚታደል ይመስለኛል። ውሃና መብራት ሊዘገይ ይችላል፤ እሱ ግን አይዘገይም። በእስራኤሏ ከተማ በቂርያት ጋት ለእኛ ሕንፃ የደረሱን ክቡር አቶ ቢምረው ናቸው፤ የአንደኛ ፎቅ ነዋሪ፣ የፋብሪካ ጡረተኛ፣ የማንኛውም ሴሚናር የፊት ወንበር ባለቤት።

ማትናስ የምንለው የሕዝብ ማዕከላችን ስለ ድህነት ሴሚናር ሳያዘጋጅ የሚያልፈው ወር የለም። አቶ ቢምረውም የቀሩበት የለም። ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው ይሄዳሉ፤ ከሁሉ ቀድመው እጃቸውን ያወጣሉ፤ ሲመለሱ የኮታቸው ኪስ አብጦ ይመለሳል። ያበጠው ለተሳታፊዎች ከቀረበው ሳምቡሳ መሳይ ባለ ድንች ቡሬካስ በሶፍት ተጠቅልሎ ገብቶበት ነው። "ዕውቀቱ ለእኛ፣ ቡሬካሱ ለራሳቸው" እያልን ስናማቸው ኖረናል።

ትምህርቱ የሚሰጠው ደረጃው ላይ ነው። ሊፍት ስለሌለን የሚያመልጥ ሰው የለም። ጣታቸውን ወደ ወለሉ ይቀስሩና "ችግሩ ከሥሩ ነው!" ይላሉ። ሥሩ ግን በየሴሚናሩ ይለዋወጣል። አንድ ሰሞን ቁጠባ ነበር፤ ቀጥሎ የግንዛቤ ማነስ ሆነ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ስለ ሩቅ አገር መንደሮች የሚያስተምር ምሁር ሰምተው መጡና ባለቤቴን አስቻለችን ደረጃው ላይ አስቆሟት።

"ውሃ ለመቅዳት ምን ያህል ርቀት ትሄጃለሽ?"

"እስከ ማድ ቤት ነው፣ አባ ቢምረው።"

"አየሽ! ሸክሙ ሁልጊዜ በሴቷ ላይ ነው" ብለው አዝነውልን ወደ ቤታቸው ገቡ።

ከሁሉ የማልረሳው ሙሉሽን የያዟት ቀን ነው። ሙሉሽ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ፣ በኢንዱስትሪ ቀጠናው የፋብሪካ ወለል የምታጸዳ ሴት ናት። ከሥራ መልስ በሁለት እጇ ፌስታል አንጠልጥላ ስትወጣ አገኟትና "ድሃ ከሁሉ በላይ ያጣው ምን ይመስልሻል? ጊዜ ነው!" ብለው ጀመሩ። ስለ ጊዜ እጦት ሲያብራሩላት የገዛችው በረዶ የያዘው ዶሮ ቀልጦ ደረጃው ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ሙሉሽ በጨዋነት ቆማ ሰማች። ትልቅ ሰው እየተናገረ ጥሎ መሄድ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ አቶ ቢምረውም ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

በከተማው አዲስ ሰፈር በካርሜ ጋት በኩል ክሬኖቹ ሕንፃ መደርደር በጀመሩበት ዘመን አንድ ትልቅ ወሬ መጣ። አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት የፋብሪካ ማሽን ማንቀሳቀስ የሚያስተምር የማታ ኮርስ በአንድ ሰፈር ሊከፍት ነው። እናቶች ሲማሩ ልጆቻቸውን የሚጠብቅ ሰው አብሮ ይመደባል። ሙሉሽ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ።

"ይሄን ኩርስ ካገኘሁ ሚፍዓሉ ውስጥ መጥረጊያውን አስቀምጬ ማሽን እይዛለሁ፣ አግደው። ማታ እንዳልማር ልጆቼን ማን ላይ ልጣላቸው እያልኩ ነበር" አለችኝ፤ ሚፍዓል የምትለው ፋብሪካውን ነው።

ኮርሱ የት እንደሚከፈት ለመወሰን የድርጅቱ ሰዎች ቤት ለቤት ዞረው ችግራችንን ሊያዩ ነው ተባለ። አቶ ቢምረው ለዚህ ቀን የተፈጠሩ መሰሉ። በር እያንኳኩ መመሪያ ሰጡን። "ማፈር ይቅር! የጎደላችሁን በግልጽ ተናገሩ። ካልነገራችኋቸው በምን ያውቃሉ?" ሁላችንም እሺ አልን።

እንግዶቹ በሚመጡበት ቀን ረፋዱ ላይ በሬ ተንኳኳ።

"አግደው፣ ወንበሮችህን አውሰኝ።"

"ምነው አባ ቢምረው፣ ችግራችንን እናሳይ አላሉም እንዴ?"

"እሱማ እናሳያለን። ታዲያ እንግዳ ቆሞ ነው የሚያየው?"

ወንበሮቼ ወረዱ። እኔም ተሸክሜ ወርጄ፣ ምን እንደሚሉ ለመስማት እዚያው ቀረሁ። ከድርጅቱ የመጣችው ሞራን የምትባል ወጣት በወንበሬ ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷ ምግብ ተደርድሮላት፣ "በኑሮዎ ምን ይጎድልዎታል?" ብላ ጠየቀቻቸው። አቶ ቢምረው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሥሩን ሊነግሯት ነው ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ይጎድለኛል! ይልቅ ብዪ፣ ዶሮውን አልነካሽውም" አሏት።

ቀድሜያት ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወጥቼ ቤቴ ተቀበልኳት። ባዶውን ሳሎን አይታ በመጨረሻ አንድ ችግር ያገኘች መስሏት፣ "ወንበር የላችሁም?" አለችኝ። "አዲስ አዝዘናል" አልኳት። ምላሴ ይህን ከየት እንዳመጣው እስከ ዛሬ አላውቅም። እሷን ስሸኝ አስቻለች ያቀረበችላትን አናናስ በበረንዳ በኩል በገመድ ወደ ላይ ለሙሉሽ ላከችላት። ሞራን ሦስተኛ ፎቅ ደርሳ አናናሱን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች፤ ሙሉሽም፣ ከሕንፃው ሰው ሁሉ ያ ኮርስ የሚያስፈልጋት ሙሉሽ፣ "ተመስገን፣ ምንም አልጎደለብኝ" አለች።

እንግዶቹ ሲሄዱ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። "አፌን ምን ያዘው?" ትላለች። የሁላችንንም የያዘው ያው ነበር።

ኮርሱ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ላለው ሰፈር ተሰጠ። የእኛ ሰዎች በኑሯቸው ደስተኞች ናቸው ተባለ። የፈለገ ከእኛም ሰፈር ሄዶ መማር ይችላል፤ የልጅ ጥበቃው ግን ለዚያ ሰፈር እናቶች ብቻ ነው። አቶ ቢምረው ከደረጃው ጠፉ። ሳንማር ወጥተን ሳንማር መግባት ጀመርን፤ እፎይ ማለት ሲገባን ሕንፃው ጭር አለብን።

ኮርሱ በሚጀመርበት ዕለት ወደ ማታ ላይ ከላይ ድምፃቸውን ሰማሁና ወጣሁ። ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው፣ ኪሳቸው አብጦ፣ ሙሉሽ በር ላይ ቆመዋል።

"ሙሉሽ፣ ችግሩ ከሥሩ ነው።"

"አባ ቢምረው፣ እባክዎ ዛሬ እንኳ ይተዉኝ።"

"ሥሩ እነዚህ ልጆች ናቸው። እኔ ዘንድ ይውረዱና አንቺ ሂጂ፤ አውቶቡሱ እንዳያመልጥሽ።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ያን ቀን መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ" አሉ።

ወዲያው ልጆቹ "ሳባ ቢምረው!" እያሉ፣ አያታችን ማለታቸው ነው፣ ሮጠው መጥተው እጃቸውን የአዛውንቱ ኮት ኪስ ውስጥ ከተቱ። ሳይፈላልጉ ነው ቡሬካሱን ያገኙት። እነሱ የኪሱን መንገድ ያውቁታል፤ ያ ሁሉ ዓመት ያማናቸው እኛ ነን የማናውቀው። በጣም አፈርኩ።

ኮርሱ እስኪያልቅ አቶ ቢምረው አንድም ሴሚናር አልሄዱም። ከማትናስ ሲደወልላቸው "አይመቸኝም፣ ሥራ ላይ ነኝ" ይሉ ነበር። ሙሉሽ ዛሬ ማሽን ላይ ናት፤ የምሽት ፈረቃ ሲደርሳት ልጆቹ አሁንም አንደኛ ፎቅ ይወርዳሉ።

ወንበሮቼ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ልጆቹ ተቀምጠው የቤት ሥራቸውን ይሠሩባቸዋል። እኔና አስቻለች አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠን ራታችንን ስንበላ፣ "ችግሩ ከሥሩ ነው!" የሚለው ድምፅ ከታች በወለሉ በኩል ይመጣል፤ የልጆቹም ሳቅ ይከተላል። ሞራን ተመልሳ ብትጠይቀኝ በዚህ ጊዜ ሳላፍር "ወንበር ጎድሎናል" እላታለሁ። አቶ ቢምረውን ግን መልሱልኝ አልላቸውም።