«እንደ ሁኔታው ነው» የሚሉት ዌንደል
በየመሥሪያ ቤቱ፣ ቀጥተኛ መልስ መስጠት የሚያሳስር የሚመስለው አንድ ሰው አይጠፋም። ሚኒያፖሊስ ባለው የደም ማከፋፈያ ድርጅታችን እኒህ ሰው የኮምፒውተር ሲስተሞቻችንን የሚነድፉት ሊቀ ጠበብት ዌንደል ክሩፕኬ ይባላሉ። «እንደ ሁኔታው ነው» ሳይሉ ውለው አያውቁም። ሾርባ ይሻላል ወይስ ሳንድዊች ብላችሁ ብትጠይቋቸው፣ «ሾርባው የምን ነው? ዳቦው መቼ የተጋገረ ነው?» ብለው እስኪጨርሱ ሁለቱም ያልቃሉ።

ባለፈው ጥቅምት አለቃችን ማርጎ ሰበሰበችን። የአርባ ሆስፒታሎችን የደም ክምችት የሚመዘግበው አሮጌው ሲስተም ሊዘጋ ነው። ምርጫው ሁለት ነበር፦ በየከተማው ባሉ ኮምፒውተሮች ላይ ተሰራጭቶ እንደ አንድ የሚሠራ፣ እያንዳንዷን ለውጥ ወዲያው የሚይዝ ዳታቤዝ፤ አለዚያም የዓመታት መረጃ ተከማችቶ የሚተነተንበት፣ አዲስ ለውጥ ግን ዘግይቶ የሚደርሰው፣ ክላውድ ላይ ያለ የዳታ መጋዘን። የማርጎ ልብ ያለው መጋዘኑ ላይ ነው። ሻጩ ያሳያት ባለቀለም ግራፍ አማልሏታል።

«ዌንደል፣ የቱ ይሻላል?»

«እንደ ሁኔታው ነው። መልሱን የሚጠብቀው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ!»

«ካንቺ ሌላስ?»

ሁላችንም ጣሪያ ጣሪያውን አየን።

«ስማኝ» አለች ማርጎ፣ «እስከ ዓርብ አንድ ቃል እፈልጋለሁ። አንድ!»

ሊቀ ጠበብት በማግስቱ ጠፉ። ለካ ፋርጎ ከተማ ሄደው፣ ከአርባዎቹ በአንዱ ሆስፒታል ውስጥ ዶሪን ከምትባል ነርስ አጠገብ ተቀምጠዋል። በሁለተኛው ቀን አንዲት ወላድ ደም ፈሰሳት። የዶሪን ኮምፒውተር ቅርብ ያለው ማከማቻ አራት ከረጢት ደም እንዳለው ያሳያል። መኪና ተላከ። አራቱም ጠዋት ወጥተው አልቀዋል፤ መዝገቡ ግን ገና አልሰማም። ሌላ ቦታ ተፈልጎ እስኪመጣ አርባ ደቂቃ ሄደ። ሴትዮዋ ተረፈች፣ ለጥቂት።

ዓርብ ዕለት ሊቀ ጠበብት ፊታቸው አመድ መስሎ ገቡ።

«የተሰራጨው ዳታቤዝ» አሉ።

ማርጎ ያልሰማች መሰላት። «እርግጠኛ ነህ?»

«ነኝ። አንቺ ግራፍሽን ብትጠብቂ ቡናሽ ይቀዘቅዛል፤ ዶሪን ስትጠብቅ ሰው ይሞታል። መጋዘኑ ለዓመቱ ሪፖርት በኋላ ይጨመርልሻል።»

ማርጎ የዚያኑ ዕለት የዳታቤዙን ውል ፈረመች።

ባለፈው ወር ቺካጎ ያለ አንድ ድርጅት በተሻለ ደመወዝ ጠራኝ። አልሄድም አልኩ። ለባለቤቴ «የጥርስ ኢንሹራንሳቸው ደካማ ነው» አልኳት። ከሊቀ ጠበብት ጎን መነሳት አቃተኝ ብዬ እንዴት ልንገራት?