ስድሳ አራት የሚቀነስበት መሣሪያ

አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ መሆኑን ማወቅ የፈለገ ሰው ማኅተሙን ይጠይቅ። ማኅተሙ ከወንበሩ ቀድሞ ከደረሰ፣ አዲስ ነው። ጋምቤላ ክልል በሆነችባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ማኅተም የሌለው ቢሮ አልነበረንም፤ መኪና ያለው ቢሮ ግን በጣት ይቆጠር ነበር። ታዲያ በጣት ለሚቆጠሩት መኪኖቻችን ምን ቢላክልን ጥሩ ነው? የፍጥነት መለኪያ መሣሪያ!

መልኩ ሽጉጥ ይመስላል። ትራፊክ ፖሊሱ ከባሮ ድልድይ ማዶ ቆሞ ያነጣጥራል፤ ቁጥር ይወጣል። በመጀመሪያው ቀን የወጣው ቁጥር ዘጠና ሁለት ነበር። የተያዘው የጤና ቢሮው ሾፌር ኦጁሉ ነው፤ ምጥ የያዛት ሴት ከኋላ አስተኝቶ ወደ ሆስፒታል ሲሄድ። በከተማ ውስጥ የሚፈቀደው አርባ ስለሆነ መንጃ ፈቃዱን ቀሙት። መንጃ ፈቃድ የሌለው ሾፌር ምን ሊሠራ ነው? ኦጁሉ ደግሞ የአምስት ልጆች አባት ነው። «ይሄ መኪና ዘጠና ሁለት ከሄደ» አለ፣ «እኔ ራሴ አልገባበትም፤ እፈራለሁ።» እውነቱን ነው። መኪናው ሃምሳ ሲደርስ በሮቹ የሚያሰሙትን ዘፈን የማያውቅ የከተማችን የኒውላንድ ሰፈር ነዋሪ አልነበረም።

ነገሩ ሲካረር አንድ ብልህ ሰው መሣሪያው ገና አለመጽደቁን አስታወሰ። ማንኛውም መለኪያ ተመርምሮ ሳይጸድቅ ሥራ ላይ አይውልም። ወዲያው አጽዳቂ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እኔም ፊዚክስ በማስተማሬ አባል ተደረግሁ። ኦጁሉ መንገድ ላይ አስቁሞኝ «መምህር፣ እውነቱን ብቻ ንገርልኝ» አለኝ። ቀላል ነገር የለመነኝ መስሎት ነበር።

በስብሰባው ላይ መቶ ሜትር በገመድ እንለካ፣ መኪና እናስሩጥ፣ በሰዓት እንያዝ ብዬ ሐሳብ አቀረብሁ። ሊቀ መንበሩ ነገር የማያስቸኩላቸው ሰው ናቸው። ትንሽ አሰቡና «ገመዱን ማን አጸደቀው?» አሉኝ። ከዚያ የእጅ ሰዓቴን እያዩ «እሱንስ?» አሉ። ሰዓቴ ከጉልት የተገዛ ነው፤ እንኳን ማኅተም ካርቶንም አልነበረው።

ያልጸደቀ ነገር ሌላውን ሊያጸድቅ ስለማይችል፣ የቆመ መኪና ይለካ ተባለ። የቆመ መኪና ፍጥነት ያለ ገመድም ይታወቃላ! የኦጁሉ መኪና ራሱ ግቢው ውስጥ ማንጎ ዛፍ ሥር ቆሟል፤ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ጎማው በድንጋይ ተደግፏል። ትራፊክ ፖሊሱ አነጣጠረ። ስድሳ አራት። ደገመ። ስድሳ አራት። አንዱ አባል «ነፋሱ ይሆን?» ሲል፣ ሌላው «ሊሄድ አስቦ ይሆናል» አለ።

እኔ መሣሪያው ተበላሽቷልና ወደ መጣበት ይመለስ አልሁ። ሊቀ መንበሩ በሐዘኔታ አዩኝ። መሣሪያው እንዲመጣ ስንት ደብዳቤ የጻፉት እርሳቸው ናቸው። «የቆመ መኪና ዜሮ ነው» አሉ። «መሣሪያው ስድሳ አራት ይላል። ስለዚህ የሚያበዛው በስድሳ አራት ነው። ልኩ የታወቀ ስሕተት ምኑ ስሕተት ነው?» መሣሪያው ከሚያሳየው ላይ ስድሳ አራት እየተቀነሰ እንዲሠራ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

በሙሉ ድምፅ ስል እኔንም ይጨምራል። መቃወም ነበረብኝ፤ ግን በልቤ ቀነስሁ። ከዘጠና ሁለት ላይ ስድሳ አራት ሲነሣ፣ ሃያ ስምንት። ኦጁሉ ነፃ ወጣ ማለት ነው! እውነቱን ለሌላ ቀን አቆየሁትና ፈረምሁ። መንጃ ፈቃዱም በዚያው ቀን ተመለሰለት።

በሦስተኛው ቀን ኦጁሉ ደብዳቤ ይዞ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። የጻፈለት የገዛ ቢሮው ነው። ምጥ የያዛትን እናት በሰዓት በሃያ ስምንት ኪሎ ሜትር እያዘገመ የወሰደበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲያስረዳ ይጠይቃል፤ እስከዚያው ከሥራ ታግዷል። ሴትዮዋ በሰላም መገላገሏን የጠየቀ የለም። አባሪ ሆኖ የተያያዘው በባለሙያ የተፈረመ ቃለ ጉባኤ ነው። ባለሙያው እኔ ነኝ።

ደብዳቤውን አንብቤ ስጨርስ ኦጁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለመነኝ።

«መምህር፣ ከቀነሳችሁት ላይ መልስልኝ። ሁሉንም አይደለም፤ ዐሥር ብቻ።»